በክፍላችሁ ውስጥ ስንት የአርጎን አቶም አለ? በሜትርና በቴርሞሜትር የመቁጠር ዘዴ

አሁን ያላችሁበት ክፍል ውስጥ አርጎን የሚባል ጋዝ አለ። ከጠዋት ጀምሮ ስትተነፍሱት ውላችኋል፤ እንደገባም ወጥቷል። ከደረቅ አየር 0.934 ፐርሰንቱ አርጎን ነው። ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በየዕለቱ እንሰማለን። አርጎን ግን በመጠን ከሱ ከሃያ እጥፍ በላይ ሆኖ ስሙን የሚያነሳው የለም።

ዛሬ የክፍላችሁን አርጎን በሞል (አቶም በጅምላ የሚቆጠርበት መለኪያ ነው፤ ኋላ እንፈታዋለን)፣ በግራምና በአቶም ቁጥር እናወጣለን። ለዚህ ሜትር፣ ቴርሞሜትርና ካልኩሌተር ይበቃል። ኋላ ላይ አንድ ፌስታልና የወርቅ ሚዛን እንጨምራለን። የሚዛኑ ሥራ ትንሽ ውጣ ውረድ አለው፤ ሆኖም ለኔ ከሁሉም የሚያስደስተው እሱ ነው።

ይህን የምጽፈው በአንድ ቁጥር ምክንያት ነው። 22.4። "የማንኛውም ጋዝ አንድ ሞል 22.4 ሊትር ይይዛል" ብለን ሸምድደን ፈተና አልፈንበታል። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ግን ልክ የሚሆነው ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ ሆኖ ግፊቱም የባሕር ዳርቻ ግፊት ሲሆን ነው። አዲስ አበባ ሁለቱንም አይደለችም። ይህን ያወቅሁት ትምህርት ከጨረስኩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ቀደም ብዬ ባውቀው ኖሮ ኬሚስትሪ የሌላ አገር ጉዳይ አይመስለኝም ነበር።

1. መጀመሪያ አቶሙን እወቁት

አርጎን በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ 18ኛው ነው። በመጨረሻው ዓምድ፣ ከኒዮን ሥር ታገኙታላችሁ። ቁጥሩ 18 ሲሆን 18 ፕሮቶንና 18 ኤሌክትሮን አለው ማለት ነው። ኤሌክትሮኖቹ በ2፣ በ8 እና በ8 ተደርድረዋል። የመጨረሻው ረድፍ ሞልቷል። የሚሰጠውም የሚበደረውም ኤሌክትሮን የለውም፤ ስለዚህ ከማንም ጋር አይጣመርም። ኖብል ጋዝ የሚባሉት እነ ሂሊየም፣ ኒዮን፣ አርጎን፣ ክሪፕተንና ዜኖን በዚህ ጠባያቸው ይመሳሰላሉ።

ልዩነቱን በቁጥር ላሳያችሁ። ከአንድ ሞል ሶዲየም አንድ አንድ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 496 ኪሎ ጁል ይበቃል። ከአርጎን ለመንጠቅ 1,521 ኪሎ ጁል ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2000 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አርጎንን ከሃይድሮጅንና ከፍሎሪን ጋር ማጣመር ችለዋል። ያም የሆነው በእጅግ ከባድ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው። በክፍላችሁ ሙቀት ግን አርጎን ብቻውን ነው የሚኖረው።

ይህ ለስሌታችን ወሳኝ ነው። ኦክስጅንና ናይትሮጅን ሁለት ሁለት ሆነው ስለሚሄዱ አንዱ ሞለኪውል ሁለት አቶም አለው። አርጎን ለብቻው ስለሚሄድ የአርጎን አንድ ሞል አንድ ሞል አቶም ነው። በ2 አታባዙ! ተማሪ ሳስጠና ደጋግሜ የማየው ስህተት ይህ ነው።

ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። በ186 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይፈላል፤ በ189 ከዜሮ በታች ይረጋል። ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው በሦስት ዲግሪ ተኩል ስፋት ውስጥ ብቻ ነው ማለት ነው። ፋብሪካዎች አርጎንን የሚያወጡት አየርን አቀዝቅዘው ፈሳሽ በማድረግ ነው። ናይትሮጅን በ196፣ ኦክስጅን በ183 ከዜሮ በታች ይፈላሉ። አርጎን በሁለቱ መካከል፣ ለኦክስጅን በጣም ተጠግቶ ይገኛል። መለየቱ አድካሚ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የአንድ ሞል ክብደቱ 39.95 ግራም ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ እስከ መጨረሻው ያስፈልገናል።

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ። ከአርጎን ቀጥሎ 19ኛ ላይ ያለው ፖታሲየም 39.10 ነው የሚመዝነው። ቀዳሚው ከተከታዩ ለምን ከበደ? መልሱ ከመሬት ውስጥ ነው የሚመጣው። በዓለት ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 የሚባለው የፖታሲየም ዓይነት ቀስ እያለ ይፈርሳል። ግማሹ ለመፍረስ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ከሚፈርሰው ውስጥ ወደ አሥር ፐርሰንት የሚሆነው አርጎን 40 ይሆናል። በአየራችን ካለው አርጎን 99.6 ፐርሰንቱ ይህ ከባዱ ዓይነት ነው፤ 22 ኒውትሮን አለው።

የድንቅነሽ ዕድሜም የተለካው በዚሁ መንገድ ነው። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የቀለጠው ዓለት የያዘውን አርጎን ይለቃል። ሲቀዘቅዝ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ፖታሲየም የወለደው አርጎን ክሪስታሉ ውስጥ ታስሮ ይጠራቀማል። አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ይህ አርጎን ተለክቶ ነው ድንቅነሽ የ3.18 ሚሊዮን ዓመት መሆኗ የታወቀው። አጥንቱ አልተመዘነም፤ የተለካው አጠገቡ ባለው አመድ ውስጥ የታሰረው ጋዝ ነው።

2. ሞልን እንደ ጤፍ ነጋዴ አስቡት

የእህል ነጋዴ ጤፍ አይቆጥርም። ይመዝናል። አንድ ግራም ጤፍ 3,000 ፍሬ ገደማ እንደሆነ ካወቀ ግን፣ ኩንታሉን መዝኖ 300 ሚሊዮን ፍሬ ገደማ አለው ሊል ይችላል። አንዲት ፍሬ ሳይነካ ቆጠረ ማለት ነው።

ሞል ይኸው ነው፤ በሚዛን መቁጠር። እንቁላልና ሳሙና በደርዘን እንደሚቆጠር፣ አቶም በሞል ይቆጠራል። ደርዘን 12 ነው፤ ሞል 6.022 × 10²³ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ቁጥሩ በዓለም አቀፍ ስምምነት ሳይለወጥ እንዲቆይ ተወስኗል፤ ሙሉው 6.02214076 × 10²³ ነው።

ትልቅነቱ እንዲገባችሁ አንድ ሞል የጤፍ ፍሬ እናስብ። 2 ሺህ ትሪሊዮን ኩንታል ይወጣዋል። በየዓመቱ 50 ሚሊዮን ኩንታል ብናመርትና አንዲት ፍሬ ሳንበላ ብናጠራቅም 40 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅብናል። ይህን ያህል ብዛት ያለው የአርጎን አቶም ግን 39.95 ግራም ብቻ ይመዝናል። የአቶም ትንሽነት እዚህ ላይ ነው ለኔ የገባኝ።

3. የራሳችሁን 22.4 ፈልጉ

የጋዝ ሞል ስንት ሊትር እንደሚይዝ የሚወስኑት ግፊትና ሙቀት ናቸው። ቀመሩ ይህ ነው፦

የአንድ ሞል ሊትር = 8.314 × ኬልቪን ÷ ኪሎ ፓስካል

ኬልቪን ለማግኘት በቴርሞሜትሩ ንባብ ላይ 273 ደምሩ። ክፍሉ 20 ዲግሪ ከሆነ 293 ይሆናል። ይህን መደመር የረሳ ሰው መልሱ ከ14 እጥፍ በላይ ይሳሳታል።

ግፊቱ ላይ ተጠንቀቁ። ስልካችሁ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ አፕ ለአዲስ አበባ ከ1,000 በላይ የሆነ ቁጥር፣ ለምሳሌ 1,020 ሄክቶ ፓስካል (102 ኪሎ ፓስካል ማለት ነው) ሊያሳያችሁ ይችላል። ያ ቁጥር የናንተ ግፊት አይደለም። ከተሞችን ለማወዳደር እንዲመች ወደ ባሕር ጠለል ተቀይሮ የተጻፈ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ክፍላችሁ ውስጥ ያለውን ግፊት ነው። ባሮሜትር ያለው ስልክ ካላችሁ በቀጥታ ያነብላችኋል። ከሌላችሁ ከከፍታ ማስላት ይቻላል፦

ከፍታውን በሜትር ለ44,330 አካፍሉ። ያገኛችሁትን ከ1 ቀንሱ። ውጤቱን በ5.256 ፓወር ከፍ አድርጉት። በመጨረሻ በ101.3 አባዙት።

አዲስ አበባን 2,355 ሜትር ብንል 76 ኪሎ ፓስካል ይወጣል። የኛ አየር ቀመሩ ከሚያስበው አየር ስለሚሞቅ እውነተኛው ንባብ ወደ 77 ይጠጋል። እኔ 77 እወስዳለሁ።

እንግዲህ 8.314 × 293 ÷ 77 = 31.6 ሊትር።

ይህ የአዲስ አበባ ቁጥር ነው። ከ22.4 ጋር አነጻጽሩት፤ 41 ፐርሰንት ይበልጠዋል። ድሬዳዋ በ88 ኪሎ ፓስካልና በ27 ዲግሪ 28.3 ሊትር ይሆናል። ዱባይ ያላችሁ፣ በኤሲ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 24.5 ታገኛላችሁ። ዴንቨር ያላችሁ ወገኖችም ከፍታ ላይ ስለሆናችሁ 29 ገደማ ነው የሚመጣላችሁ። 22.4 የሚሠራበት ሰው የሚኖርበት ክፍል ለማግኘት፣ ባሕር ዳርቻ ሄዶ ውኃ እስኪረጋ ድረስ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

4. ክፍሉን ቁጠሩት

ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሜትር ለኩ። የኔ ምሳሌ 4 በ3 የሆነ፣ ቁመቱ 2.8 የሆነ ክፍል ነው። 4 × 3 × 2.8 = 33.6 ሜትር ኩብ። በ1,000 ሲባዛ 33,600 ሊትር። አልጋና ቁም ሣጥን ካለ የያዙትን ቦታ በግምት ቀንሱ፤ እኔ ባዶ ክፍል ነው የወሰድኩት።

የአየሩ ጠቅላላ ሞል፦ 33,600 ÷ 31.64 = 1,062።
የአርጎኑ ሞል፦ 1,062 × 0.00934 = 9.92።
በግራም፦ 9.92 × 39.95 = 396።
በአቶም፦ 9.92 × 6.022 × 10²³ = 5.97 × 10²⁴።

በአንዲት መኝታ ቤት ውስጥ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ አርጎን፣ በቁጥር ከ10 ሞል ትንሽ የሚያንስ። በ22.4 ብትሠሩት 14 ሞል፣ 560 ግራም ይወጣል። ከ160 ግራም በላይ የሆነ፣ ክፍሉ ውስጥ የሌለ አርጎን ፈጠራችሁ ማለት ነው።

ሁለት ማስታወሻ ልጨምር። 0.934 ፐርሰንቱ የይዘት ነው፤ የክብደት አይደለም። በክብደት ከሄዳችሁ አርጎን የአየሩ 1.29 ፐርሰንት ነው፤ ከአማካዩ የአየር ሞለኪውል ስለሚከብድ። ሁለቱን ቀላቅሎ የሠራ ሰው መልሱ ይዛባል። ሌላው፣ ቁጥሩ ለደረቅ አየር ነው። በክረምት የክፍሉ አየር እርጥብ ሲሆን የውኃ ተን ትንሽ ቦታ ይሻማል። ልዩነቱ አንድ ወይም ሁለት ፐርሰንት ስለሆነ እለፉት።

5. አሁን መዝኑት

እስካሁን ያደረግነው ስሌት ነው። አርጎንን በእጅ ይዞ መመዘን ግን ይቻላል። ይህን ስላችሁ አርጎን የተገኘውም በሚዛን መሆኑን ማንሳት አለብኝ።

ሎርድ ሬሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ናይትሮጅንን ይመዝን ነበር። ከአየር የወሰደው ናይትሮጅን በሊትር 1.2572 ግራም መጣ። ከኬሚካል ያመረተው 1.2505 መጣ። ልዩነቱ ከመቶ ግማሽ ገደማ ነው። ብዙ ሰው "የሚዛን ስህተት ነው" ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ አላለፈውም። ከዊሊያም ራምዚ ጋር ሆኖ ሲከታተል፣ ከአየሩ ናይትሮጅን ጋር ተደባልቆ የሚመጣ፣ ማንም የማያውቀው ከባድ ጋዝ አገኙ። እ.ኤ.አ. 1894 ነበር። ከምንም ጋር አልጣመር ስላለ ከግሪክኛ "ሰነፍ" የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጡለት። በ1904 ሬሊ የፊዚክስ፣ ራምዚ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ።

የናንተ ሙከራ እንዲህ ነው። አርጎን ብየዳ የሚሠራ ሰው ዘንድ ሂዱ። በያጁን አስፈቅዱት፤ ሬጉሌተሩን (የጋዙን ግፊትና ፍሰት መቆጣጠሪያ) የሚነካው እሱ ይሁን። 10 ሊትር ውኃ የሚይዝ፣ ያልተቀደደ ፌስታል ያዙ። ፊኛ አይሁን፤ ፊኛ ጋዙን ስለሚጨምቀው ስሌቱን ያበላሻል።

ፌስታሉን ጠፍጥፋችሁ አየሩን አስወጡና ከማሰሪያው ላስቲክ ጋር መዝኑት። ንባቡን ጻፉ። ደጅ ሆናችሁ፣ በቀስታ በሚፈስ ጋዝ ሙሉት። መጀመሪያ የገባውን ጨምቃችሁ አስወጡና እንደገና ሙሉት፤ የቀረው አየር አብሮ ይወጣል። ሳትወጥሩት እሰሩት። ነፋስ የሌለበት ቦታ ላይ እንደገና መዝኑ። ሚዛኑ ቢያንስ የግራምን አንድ አሥረኛ የሚያነብ መሆን አለበት።

ውስጡ 10 ሊትር አርጎን ካለ 12.6 ግራም ይመዝናል። ሚዛኑ ግን 3.5 ግራም ብቻ ጨምሮ ያሳያችኋል። አትደንግጡ፤ ሚዛኑ አልተበላሸም። የተነፋው ፌስታል 10 ሊትር አየር ገፍቶ ቦታውን ይዟል። ያ አየር 9.2 ግራም ነው። ውኃ ጀልባን ወደ ላይ እንደሚገፋ፣ አየሩም ፌስታሉን በዚያው ልክ ወደ ላይ ይገፋዋል።

ከዚህ የሚያምር አቋራጭ ይወጣል። የአርጎን ሞል 39.95፣ የአየር ሞል 28.97 ግራም ነው። ልዩነቱ 11 ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሚዛኑ የጨመረውን ግራም ለ11 ካካፈላችሁ ፌስታሉ ውስጥ ያለውን ሞል አገኛችሁ። 3.5 ÷ 11 = 0.318 ሞል። በአቶም 1.92 × 10²³። ግፊትና ሙቀት አላስፈለገንም፤ ይህ አቋራጭ አዲስ አበባም ዱባይም ይሠራል።

ማረጋገጫ ትፈልጋላችሁ? ያንኑ ፌስታል በጎማ መንፊያ ተራ አየር ሞልታችሁ መዝኑት። ሚዛኑ ከባዶው ፌስታል የተለየ ነገር ሊያሳይ አይገባም። በተመሳሳይ ስሌት የሂሊየም ሞል 4 ግራም ስለሆነ እያንዳንዱ ሞል 25 ግራም ያነሳል፤ የልደት ፊኛ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው።

ሲጨርሱ ፌስታሉን ደጅ ፍቱት። ልጆች ለጨዋታ እንዳይስቡት፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ በቁጥር ታያላችሁ።

6. ሲሊንደሩን አስሉት

በብየዳ ቤት የምታዩት ትልቁ ሲሊንደር ብዙ ጊዜ 50 ሊትር ነው። ሲሞላ ጌጁ 200 ባር ገደማ ያሳያል፤ ይህም 20,000 ኪሎ ፓስካል ነው። 20,000 × 50 ÷ (8.314 × 293) = 410 ሞል። በክብደት 16.4 ኪሎ። በዚህን ያህል ግፊት አቶሞቹ ስለሚቀራረቡ ቀመሩ ትንሽ ያሳንሳል፤ እውነተኛው ከዚህ ከፍ ይላል። ትክክለኛውን ለማወቅ ሲሊንደሩን ሞልቶና ባዶውን መዝናችሁ ልዩነቱን ለ39.95 ማካፈል ይሻላል።

አሁን ያ 410 ሞል አዲስ አበባ ውስጥ ቢፈስ ስንት ቦታ ይይዛል? 410 × 31.64 ወደ 13,000 ሊትር ይሆናል። 13 ሜትር ኩብ። ባሕር ዳርቻ ላይ ቢሆን 10 ገደማ ነበር የሚይዘው።

ከላይ የለካነው ክፍል 33.6 ሜትር ኩብ ነው። ሲሊንደሩ እዚያ ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢያፈስ ኦክስጅኑ ከ21 ወደ 13 ወይም 14 ፐርሰንት ይወርዳል። በሥራ ቦታ ከ19.5 በታች አደገኛ ነው የሚባለው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ገና ከመነሻው ኦክስጅኑ ስስ ነው፤ የኛ 21 ፐርሰንት ባሕር ዳርቻ ካለ 16 ፐርሰንት ጋር እኩል ነው።

ትንፋሽ ያጠረን የሚመስለን ሰውነታችን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀም ነው። አርጎን ውስጥ ያለ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እንደ ወትሮው ያስወጣል። ስለዚህ አይታፈንም፣ አያስነጥሰውም፣ ምንም አይሸተውም። ድንገት ራሱን ይስታል። ጋዙ ከአየር 1.38 እጥፍ ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ይመርጣል። መኪና ከሥር የሚጠገንበት ጉድጓድ፣ ምድር ቤት፣ የሚበየድ ታንከር ውስጡ።

ስለዚህ የራሳችሁን ብየዳ ቤት በሜትር ለኩና ስሌቱን ሥሩ። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጋዝ ከክፍሉ አንድ አሥራ አምስተኛ ካለፈ፣ ማለትም 13 ሜትር ኩብ ጋዝ ከ195 ሜትር ኩብ ባነሰ ቤት ውስጥ ካለ፣ በሩ ተዘግቶ እንዳያድር። ሥራ ሲያልቅ ቫልቩ ራሱ ሲሊንደሩ ላይ ይዘጋ፤ ሬጉሌተሩን መዝጋት ብቻውን አይበቃም። መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ አረፋው ካበጠ ያፈሳል። ጉድጓድ ውስጥ ሰው ወድቆ ብታዩ ሮጣችሁ አትግቡ። ቫልቩን ዝጉ፣ በርና መስኮት በርግዱ፣ ሰው ጥሩ፣ ከላይ ሆናችሁ በገመድ ሳቡት።